የፋብሪካን አየር በከሰል ንጣፍ ማጽዳት፦ ከመካነ ሰላም ደጋ እስከ ኮምቦልቻ

በአማራ ክልል ደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ክፍል የሚገኙት ቦረና፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ ለጋምቦና የሳይንት ወረዳዎች አብዛኛው ነዋሪ በግብርና የሚተዳደርባቸው አካባቢዎች ናቸው። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በእነዚህ ብርዳማ ደጋዎች ከሰል የሚታወቀው ቡና በሚፈላበትና ቤት በሚሞቅበት ምድጃ ነው። ይኸው ከሰል በልዩ ዘዴ ሲዘጋጅ ግን ከፋብሪካ የሚወጣን ጎጂ ተን አጥምዶ የሚያስቀር ማጣሪያ ይሆናል። በዚህ መልክ የተዘጋጀው ከሰል አክቲቬትድ ካርበን በሚል ስያሜ ይታወቃል።

ጉዳዩ ለደቡብ ወሎ ሩቅ አይደለም። የዞኑ የኢንዱስትሪ ማዕከል ኮምቦልቻ በደርግ ዘመን የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቆዳ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎች የሚገኙባት ከተማ ናት። በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም በመጀመሪያው ምዕራፍ በ75 ሄክታር መሬት ላይ፣ በ90 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ወጪ የተገነባ ነው። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ በከተማዋ የኢንዱስትሪ ተቋማት ላይ ዘረፋና ውድመት ደርሷል። ከፋብሪካዎች ወጥቶ ወደ ለዮሌና ወርቃ ወንዞች የሚገባው ፍሳሽ ተመራማሪዎች ያጠኑት ጉዳይ ነው። ፍሳሽ በዓይን ይታያል፤ ተን ግን አይታይም። ከዚህም የተነሳ የፋብሪካ አየር አያያዝ ብዙ ጊዜ ከፍሳሽ አያያዝ ኋላ ይቀራል።

ኦርጋኒክ ተንና በጤና ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

ኦርጋኒክ ተን የሚባለው ካርበን ካላቸው ፈሳሾች በተለመደው የአየር ሙቀት ተንኖ ከአየር ጋር የሚቀላቀል ንጥረ ነገር ነው። ቀለምን፣ ቫርኒሽን፣ ማስቲሽንና የሕትመት ቀለምን የሚያቀጥኑ አሟሚዎች ዋነኞቹ ምንጮች ናቸው። ቶሉዊን፣ ሄክሴን፣ አሴቶንና ኤቲል አሴቴት ከእነዚህ ውስጥ ይጠቀሳሉ። የቆዳ ማጠናቀቂያ ክፍል፣ የጫማ ማጣበቂያ መስመር፣ የብረት ቀለም መርጫ ክፍልና ማተሚያ ቤት ተኑ በብዛት የሚገኝባቸው ሥፍራዎች ናቸው። በመካነ ሰላምም ሆነ በሌሎች ከተሞች ቫርኒሽና ቲነር የሚጠቀም የእንጨት ሥራ ቤት በአነስተኛ መጠን ተመሳሳይ ችግር አለበት።

ጉዳቱ እንደ ንጥረ ነገሩ ዓይነት ይለያያል። ቶሉዊን ራስ ምታት፣ ማዞርና ድብታ ያስከትላል፤ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲተነፈስም የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል። ሄክሴን የእጅና የእግር ነርቮችን በማዳከም ይታወቃል፤ ይህ ጉዳት በጃፓንና በጣሊያን ማስቲሽ በሚጠቀሙ የጫማና የቆዳ ሠራተኞች ላይ ታይቷል። በኬሚስትሪ ቤንዚን የሚባለው ውህድ ደግሞ የደም ካንሰር እንደሚያስከትል በዓለም አቀፍ ደረጃ ተረጋግጧል። ይህ ውህድ ተመሳሳይ ስም ካለው የመኪና ነዳጅ ጋር አንድ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ ነዳጁ የብዙ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ሲሆን ውህዱ በውስጡ የሚገኘው በአነስተኛ መጠን ነው። እ.አ.አ በ1970ዎቹ በኢስታንቡል ከተማ በጫማ ሠራተኞች ላይ የታየው የደም ካንሰር መብዛት ከዚሁ ውህድ ጋር የተያያዘ እንደነበር የሕክምና ጥናቶች አሳይተዋል።

ተራ ከሰል ወደ ማጣሪያ የሚለወጥበት ሂደት

ከሰል ተንን የሚይዘው እንደ ወንፊት በማጥለል አይደለም። የተኑ ቅንጣቶች በከሰሉ ውስጥ በሚገኙ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ግድግዳ ላይ ተስበው ይለጠፋሉ። ስለሆነም የአንድ ከሰል አቅም የሚለካው በውስጣዊ ገጹ ስፋት ነው። ጥሩ ተደርጎ የተዘጋጀ አንድ ግራም አክቲቬትድ ካርበን 1 ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ውስጣዊ ገጽ አለው። በወሎ አርሶ አደር ዘንድ በተለምዶ ሩብ ሄክታር ገደማ የሚገመተው አንድ ጥማድ መሬት ስፋቱ 2 ሺህ 500 ካሬ ሜትር መሆኑ ሲታሰብ፣ ሁለት ግራም ተኩል ካርበን በውስጡ የአንድ ጥማድ መሬት ያህል ገጽ ይዟል ማለት ነው።

በጉድጓድ ወይም በአፈር ክምር የሚከሰል ተራ ከሰል ይህ ብቃት የለውም። ቀዳዳዎቹ ጥቂት ከመሆናቸውም በላይ ሲከሰል በተፈጠረ ቅጥራን መሰል ነገር የተደፈኑ ናቸው። ከሰሉን ወደ ማጣሪያነት ለመለወጥ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ከሰሉን አየር በሌለበት ምድጃ ውስጥ ከ800 እስከ 1 ሺህ ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ከውኃ እንፋሎት ጋር ማገናኘት ነው። እንፋሎቱ የከሰሉን ከፊል አካል እየበላ ቀዳዳዎቹን ይከፍታል። ሁለተኛው እንጨቱን ወይም ገለባውን አስቀድሞ እንደ ፎስፎሪክ አሲድ ባለ ኬሚካል ነክሮ፣ ዝቅ ባለ ሙቀት አክስሎ፣ በመጨረሻ አሲዱን አጥቦ ማስወገድ ነው።

የቴክኖሎጂው አመጣጥ

ከሰል ጋዝ እንደሚስብ ስዊድናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ካርል ሼሌ እ.አ.አ በ1773 ባካሄደው ሙከራ አሳይቷል። በፋብሪካ ደረጃ የሚመረት አክቲቬትድ ካርበን መሠረት የተጣለው ግን እ.አ.አ በ1900 እና በ1901 ራፋኤል ፎን ኦስትሬይኮ በተሰጡት የፈጠራ መብቶች ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመርዝ ጋዝ ጥቅም ላይ ሲውል ሩሲያዊው ኒኮላይ ዜሊንስኪ እ.አ.አ በ1915 የከሰል ማጣሪያ ያለው የጋዝ ጭምብል አዘጋጀ። ከዚያ ወዲህ ካርበን በጭምብልም በፋብሪካም በስፋት ሊሠራበት ችሏል።

ይህ ታሪክ ኢትዮጵያንም ይነካል። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በሰሜን ግንባር የሰናፍጭ ጋዝ ሲጠቀም አብዛኛው የኢትዮጵያ ሠራዊት ጭምብል አልነበረውም። ጋዙ ቆዳንም የሚያቃጥል በመሆኑ ጭምብል ብቻውን ሙሉ ጥበቃ ባይሰጥም፣ ዓይንንና ሳንባን ከጉዳት የመከላከል አቅም ነበረው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ለመንግሥታቱ ማኅበር ባሰሙት ንግግር ካነሷቸው ዋና ዋና አቤቱታዎች አንዱ ይኸው የመርዝ ጋዝ ጉዳይ ነበር።

በአሁኑ ወቅት ይኸው ቁስ በመጠጥ ውኃ ማጣሪያዎች፣ በመከላከያ ጭምብሎችና በመኪኖች ውስጥ ይገኛል። በብዙ የቤንዚን መኪኖች ውስጥ ካኒስተር የሚባለው የካርበን ሣጥን ከነዳጅ ታንከር የሚወጣውን ተን ይዞ ያቆያል፤ ሞተሩ ሲነሳም ተኑን ወደ ሞተሩ መልሶ እንዲቃጠል ያደርጋል።

የካርበን ንጣፍ አሠራር

በፋብሪካ ውስጥ ሥራው የሚጀምረው ተኑን ከምንጩ ላይ በመሳብ ነው። በማጣበቂያው ጠረጴዛ ወይም በቀለም መርጫው ክፍል ላይ የተተከለ መሳቢያ አየሩን በቱቦ ወደ ማጣሪያው ይወስዳል። አየሩ በቅድሚያ አቧራና የቀለም ብናኝ በሚያስቀር ማጣሪያ ያልፋል፤ ብናኙ ወደ ካርበኑ ከደረሰ ቀዳዳዎቹን ይደፍናልና። ከዚያም የካርበን ጥራጥሬ በተነጠፈበት ጋን ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ይደረጋል። የአየሩ ፍጥነት በተለምዶ በሴኮንድ ከ0.1 እስከ 0.5 ሜትር ነው።

ተኑን መጀመሪያ የሚይዘው አየሩ የሚገባበት የንጣፉ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ሲጠግብ ሥራው ወደሚቀጥለው ክፍል ይሸጋገራል። ድንበሩ በዚህ ሁኔታ ወደ መውጫው እየተጠጋ ሄዶ በመጨረሻ ተኑ ማምለጥ ይጀምራል። በአግባቡ የተነደፈና በጊዜው የሚታደስ ንጣፍ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነውን ተን ሊያስቀር ይችላል። ጊዜው ያለፈበት ንጣፍ ግን ማጣሪያ መስሎ የቆመ ባዶ ሣጥን ነው። አፍንጫ ሽታን ቶሎ ስለሚለምድ የማምለጫውን ጊዜ በሽታ መለየት አስተማማኝ አይደለም፤ በመውጫው ላይ በመሣሪያ መለካት ያስፈልጋል።

ሥራው ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ጋኖች በፈረቃ ይሠራሉ። አንዱ ተን ሲይዝ ሌላው ይታደሳል። ለማደስ ዝቅተኛ ግፊት ያለው የውኃ እንፋሎት አየሩ ከሚገባበት በተቃራኒ አቅጣጫ ይለቀቃል። እንፋሎቱ ካርበኑን አሙቆ የተያዘውን አሟሚ ያስለቅቃል፤ ሁለቱም በማቀዝቀዣ ውስጥ አልፈው ወደ ፈሳሽነት ይለወጣሉ። ቶሉዊን ከውኃ ጋር ስለማይቀላቀልና ከውኃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፤ በቀላሉ ተለይቶም ዳግም ለሥራ ይውላል። አሴቶን ግን ከውኃ ጋር ስለሚዋሃድ ለመለየት ተጨማሪ ማጣራት ይጠይቃል። አንድ ኪሎ ግራም አሟሚ መልሶ ለማግኘት በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም እንፋሎት ያስፈልጋል።

በቁጥር ሲታይ

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የማጣበቂያ ክፍል በሰዓት 10 ሺህ ሜትር ኩብ አየር ያስወጣል፤ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥም 300 ሚሊ ግራም ቶሉዊን አለ እንበል። ክፍሉ በሰዓት 3 ኪሎ ግራም፣ በ8 ሰዓት የሥራ ፈረቃ ደግሞ 24 ኪሎ ግራም አሟሚ ወደ አየር ይለቃል ማለት ነው።

አየሩ በሴኮንድ 0.3 ሜትር ፍጥነት እንዲያልፍ ከተፈለገ የንጣፉ ስፋት 9.3 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ውፍረቱ ግማሽ ሜትር ቢደረግና አንድ ሜትር ኩብ ካርበን 480 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ ጠቅላላው ካርበን 2 ሺህ 200 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ካርበኑ በተግባር የክብደቱን 10 በመቶ ይይዛል ተብሎ ቢወሰድ 220 ኪሎ ግራም ያህል ቶሉዊን ማስቀረት ይችላል። ይህም ለ9 ፈረቃዎች ያህል ያገለግላል። ንጣፉን በአንድ ጊዜ ለማደስም በአማካይ 880 ኪሎ ግራም ያህል እንፋሎት ይጠይቃል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ለፋብሪካ የሚሆን ንጣፍ በቶን የሚቆጠር ካርበን የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ወደ አየር ይበተን የነበረው አሟሚ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ንብረት መሆኑና መልሶ መያዙ ከወጪው የተወሰነውን ሊያካክስ መቻሉ ነው።

የደጋው ከፍታና የአየር ጠባይ

በባሕር ጠለል ደረጃ ላሉ አገሮች የተሠራ ንድፍ ለወሎ ደጋ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። በመካነ ሰላም ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በ27 በመቶ ያህል፣ 1 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ኮምቦልቻ ደግሞ በ20 በመቶ ያህል ያንሳል። ማራገቢያው የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት አንድ ዓይነት ቢሆንም የአየሩ ክብደት ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት እስከ 1 ሺህ ሜትር ከፍታ ታስቦ በመሆኑ፣ ስስ አየር በሚገባ ስለማያቀዝቅዛቸው በደጋ አቅማቸውን ዝቅ አድርጎ ማስላት ይገባል።

የልኬት አያያዝም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 100 ክፍል ቶሉዊን በባሕር ጠለል ላይ በሜትር ኩብ 377 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በኮምቦልቻ ግን 300 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። አንዱን ልኬት ወደ ሌላው ሲለውጥ ከፍታውን የማያገናዝብ ባለሙያ የተሳሳተ ውጤት ላይ ይደርሳል።

በመካነ ሰላም ውኃ ከ91 እስከ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ በደጋ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚወስዱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ያለ ግፊት የሚወጣ እንፋሎትም በዚያው ልክ ስለሚቀዘቅዝ ለማደሻ የሚውለው ቦይለር በቂ ግፊት ያለው መሆን አለበት።

የደጋው ብርድ በበኩሉ ጠቃሚ ጎን አለው፤ ካርበን ተንን የሚይዘው ቀዝቀዝ ባለ አየር ይበልጥ ነውና። የክረምቱ እርጥበት ግን ችግር ይፈጥራል። አንጻራዊ እርጥበቱ ከ50 በመቶ ሲያልፍ የውኃ ተን የካርበኑን ቀዳዳዎች ከአሟሚው ጋር ይሻማል። መፍትሔው አየሩን በመጠኑ ማሞቅ ነው። በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ እርጥበት የጠገበ አየር ወደ 27 ዲግሪ ቢሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 48 በመቶ ይወርዳል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ግን የካርበኑ የመያዝ አቅም ስለሚቀንስ ማሞቁ በልክ መሆን ይኖርበታል።

ካርበን የማይዛቸው ጋዞችና የእሳት አደጋ

ካርበን ለሁሉም ጋዝ መድኃኒት አይደለም። እንደ ሚቴን ያሉ ቀላል ጋዞችን አይዝም፤ ሜታኖልንና ፎርማልዴሃይድን ለመያዝ ያለው አቅምም ደካማ ነው። ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ካርበን ሞኖክሳይድን የማያስቀር መሆኑ ነው። በደጋ ብርድ ምክንያት በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ ማደር ሕይወት የሚቀጥፈው በዚህ ሽታ አልባ ጋዝ ነው። በክፍሉ ውስጥ ያልነደደ ከሰል ማስቀመጥም ሆነ የተለመደ የካርበን ጭምብል ማጥለቅ ከዚህ አደጋ አያድንም። የሚያድነው ምድጃውን ከቤት ማውጣትና በርና መስኮት መክፈት ብቻ ነው።

ንጣፉ ራሱም ሊቀጣጠል ይችላል። ተን በካርበን ሲያዝ ሙቀት ይለቃል፤ በተለይ ኪቶን በሚባለው ምድብ ውስጥ ያሉ አሟሚዎች በካርበኑ ላይ ተጨማሪ የኬሚካል ለውጥ ስለሚያደርጉ በሌሎች አገሮች የእሳት አደጋ አስከትለዋል። አዲስ ካርበን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማርጠብ፣ የንጣፉን ሙቀት ዘወትር መከታተል፣ የአየር ፍሰቱ በድንገት ሲቋረጥም ንጣፉን በቅርብ መቆጣጠር የተለመዱ ጥንቃቄዎች ናቸው። የተኑ መጠንም እሳት ሊያስነሳ ከሚችለው ዝቅተኛ መጠን ከሩብ በታች እንዲሆን ይደረጋል።

የጥሬ ዕቃና የደን ጥበቃ ጉዳይ

ካርበኑን በአገር ውስጥ ማምረት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በወሎ ደጋ ከደን ጋር የተያያዘ ነው። በባህላዊ አከሳሰል ከደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ከክብደቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነው። ከሰሉ በእንፋሎት ሲዘጋጅ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሊባክን ይችላል። በ15 በመቶ ሲሰላ ከላይ በምሳሌነት የተጠቀሰው አንድ ንጣፍ ብቻ 30 ቶን ገደማ ደረቅ እንጨት ይጠይቃል። ይህን ያህል እንጨት ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ አየርን ለማጽዳት ተራራን ማራቆት ይሆናል። ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ተብሎ በሚታወቀው የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው ደን የቀይ ቀበሮና የጭላዳ ዝንጀሮ መጠለያ በመሆኑ ለከሰል ሊታሰብ የሚገባው አይደለም።

አማራጩ ለዚሁ ዓላማ የተተከለ ባሕር ዛፍ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ትራፊ፣ የቡና ገለባና መሰል ተረፈ ምርት ነው። ከቡና ገለባና ከጫት እንጨት አክቲቬትድ ካርበን አዘጋጅቶ ቆሻሻ ውኃን ለማጣራት የተደረጉ ጥናቶች በአገሪቱ አሉ። ውኃ ያጣራ ዱቄት ግን ለአየር ንጣፍ ይሆናል ማለት አይደለም። ለንጣፍ የሚውለው ጥራጥሬ በአየር ግፊትና በተደጋጋሚ ማደስ የማይፈረካከስ፣ ጠንካራ መሆን አለበት። የኮኮናት ቅርፊትና የድንጋይ ከሰል በዓለም ገበያ ተፈላጊ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ጥንካሬያቸው ነው።

የሕግ ማዕቀፍ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለትን ይከለክላል፤ የአየር ልቀት ደረጃዎች እንዲወጡም ያዛል። አዋጁ ብክለትን ለመቆጣጠር የሚውል አዲስ መሣሪያ በሚመለከተው ባለሥልጣን ሲረጋገጥ ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ ሆኖ እንዲገባ ይፈቅዳል። ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት በበካይ ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብትም ሰጥቷል። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 የፋብሪካዎችን ኃላፊነት በዝርዝር ሲያስቀምጥ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅና የመከላከያ ዕቃ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል።

የካርበን ንጣፍ ከመተከሉ በፊት መቅደም ያለባቸው ቀላል እርምጃዎች አሉ። የአሟሚ በርሜልን ከድኖ ማስቀመጥ፣ በተቻለ መጠን ውኃ ላይ በተመሠረተ ማጣበቂያና ቀለም መጠቀም፣ ተኑን ከምንጩ መሳብና ክፍሉን ማናፈስ ብዙ ወጪ አይጠይቁም። በመካነ ሰላም ላለ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት በቂ የሚሆኑት ምናልባት እነዚሁ፣ በጊዜው ከሚለወጥ የካርበን ጭምብል ጋር ናቸው። በኮምቦልቻ ደረጃ ለሚገኝ አሟሚ በብዛት ለሚጠቀም ፋብሪካ ግን የተኑን መጠን በማስለካት፣ ከፍታውንና የክረምቱን እርጥበት ባገናዘበ ንድፍ ንጣፉን መትከልና የሚታደስበትን ጊዜ መዝግቦ መያዝ ይጠበቅበታል። ንጣፉ የሠራተኛውን ጤና የሚጠብቀው ተተክሎ በመቆሙ ሳይሆን በየጊዜው ተለክቶ በመታደሱ ነው።